ወርቁና ብሩ ሲነካኩ

እናንተ ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ አፋችሁ ውስጥ ምን ምን ዓይነት ብረት እንዳለ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አስቤ አላውቅም ነበር። አምና በክረምቱ መውጫ የደረሰብኝ ነገር ነው ያሳሰበኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ያውም ሰልባጅ ልብስ ስሸጥ ውዬ በደከመ ዓይኔ። ስለዚህ ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ። እግሬም እንዲሁ ነው፤ አንድ ቦታ አይረጋም።

ልጆቼ «እማዬ ራሷ መናኸሪያ ናት» እያሉ ይቀልዱብኛል። አንዱ ወንድ ልጄ ዲላ ነው፣ ሌላው ሻሸመኔ፤ ትልቋ ምሕረት ደግሞ እዚሁ ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ትኖራለች። አንዱ ጋ ጥቂት ከርሜ ቤቱ ሲለምደኝ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። የአውቶብስ መስኮት እወዳለሁ። ለምን እንደምወድ እነሱም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ማናችንም አፍ አውጥተን አንናገረውም። በመንገድ የሚያልፉትን ሽማግሌዎች ፊት አንድ በአንድ ነው የማየው።

የምፈልገው ላቀውን ነው፤ የልጆቼን አባት።

ላቀው የመኪና ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግባት አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረችው፤ የመኪና ኤሌትሪክም ይሠራ ነበር። ሱሪው ሁሉ በአሲድ የተበሳሳ፣ ጣቶቹ የጠቆሩ፣ ሳቁ ግን ሰፊ የሆነ ሰው። ምሕረትን ወልጄ አራስ ቤት ሳለሁ «ምን ላድርግልሽ?» ቢለኝ፣ ለቀልድ «የወርቅ ጥርስ» አልኩት። ያን ጊዜ የወርቅ ጥርስ ያላት ሴት ስትስቅ ሰው ዞሮ ያያት ነበር። እሱ ቀልዴን ቀልድ አላለውም። ከአራስ ቤት እንደወጣሁ ጥርስ ሠሪ ዘንድ ወስዶ፣ ከላይ ከክራንቻዬ ቀጥሎ ያለውን ጥርሴን ወርቅ አስለበሰልኝ። «አሁን እንደፈለግሽ ሳቂ፤ ገበያ መሃልም ብትጠፊኝ አገኝሻለሁ» አለኝ።

የጠፋው ግን እሱ ነው። ትንሹ ልጃችን ገና ጡት ሳይጥል አንድ የከባድ መኪና ሾፌር መጣና «መኪናዬ ሞያሌ ቆማብኛለች፣ መብራቷ እምቢ አለ» ብሎ ይዞት ሄደ። «ሁለት ሦስት ቀን ነው» አለኝ ላቀው። ሾፌሩ በኋላ ተመልሶ «ሠርቶልኝ ሲያበቃ በሌላ መኪና ወደ ሐዋሳ ተሳፍሯል» አለ። የተሳፈረበትን መኪና ያየ ሰው አልተገኘም። ሞያሌ ድረስ ሄድኩ። ሐኪም ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ጸሎት ቤት፣ ያልጠየቅሁበት ደጅ የለም። ሬሳም የለም፣ ወሬም የለም።

ዓመታት ሲያልፉ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጡ። «እህታችን፣ ለቅሶው ይደረግለት፣ አንቺም ዕረፊ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። በእኛ ዘንድ ለቅሶ የተቀመጡለት ሰው ሞቷል ማለት ነው። ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ካለኝ በኋላ ሰውዬው በሩን ቢያንኳኳ ምን ብዬ ልክፈትለት? በገዛ እጄ አልቀብረውም አልኩ። እንዲሁ ልጆቼን አሳደግሁ፤ እንዲሁ አረጀሁ።

አሁን ወደ ጥርሱ ልምጣ።

ዲላ ልጄ ቤት ሳለሁ ከታች በኩል አንድ ጥርሴ ተቦረቦረ። ልጄ ክሊኒክ ወስዶ አስሞላልኝ። ብር የሚመስል ነገር ነው የሞሉኝ። «ሃያ ዓመት ይቆያል» ቢለኝ ሐኪሙ፣ «እኔ ልቆይልህ አልችልም» ብዬ ሳቅሁበት። በነጋታው ተሳፍሬ ሐዋሳ ገባሁ። ምሕረት የአሣ ሾርባ ሠርታ ጠበቀችኝ። አንድ ጉርሻ አላምጬ ጥርሴን ስገጥም፣ ከመንጋጋዬ ተነስቶ እስከ ጆሮ ግንዴ ድረስ ነዘረኝ። ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ምላሴ ላይ ኮምጠጥ ያለ የብረት ጣዕም ቀረ።

«እሾህ ነው?» አለች ምሕረት ደንግጣ።

«ሞቆብኝ ነው» አልኳት።

ሾርባው አልሞቀም ነበር። ያንን ጣዕም ግን አውቀዋለሁ።

ላቀው ሁለት ራስ ያላትን ትንሿን አራት ማዕዘን ባትሪ በምላሱ ነበር የሚፈትናት። ከነዘረችው ደህና ናት፣ ዝም ካለችው ይጥላታል። በተጋባን ሰሞን «ምላስሽን አውጪ» አለኝ።

«ልትገድለኝ ነው እንዴ?»

«እኔ በየቀኑ የምቀምሰውን ነው የማቀምስሽ።»

አውጥቼ ቀመስኩ። ጮኽኩ፤ እሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ባኮረፍኩ ቁጥር ባትሪዋን ይዞ ይመጣል፣ እኔ እሸሻለሁ፣ ኩርፊያው እዚያው ያልቃል። እሱ ከጠፋ በኋላ ያ ኮምጣጣ ነገር አፌን ነክቶት አያውቅም። ይኸው ስንት ዘመን ቆይቶ፣ እሱ ራሱ ባሠራው ወርቅ በኩል መጣ።

ታውቁ የለ፣ ሰው ውኃ ሲጠጣ ትን ካለው «ማን ስሜን አነሳው» ይላል። ዓይኑ ከተርገበገበ የራቀ ሰው ሊያይ ነው ይባላል። በጸሎት ቤታችን እንዲህ ያለውን አትመኑ ይሉናል፤ እውነታቸውን ነው። ልቤ ግን ያን ዕለት ማንንም አልሰማ። ላቀው አንድ ቦታ ተቀምጦ ስሜን አነሳው አልኩ። በሕይወት አለ፣ እየጠራኝ ነው አልኩ።

ለማንም ሳልናገር ብዙ ቀን ከነገሩ ጋር ኖርኩ። ደጅ ተቀምጬ ጥርሴን ገጠም አደርጋለሁ፤ ይመጣል። ሰው ሲያወራኝ እየሰማሁ መስዬ ገጠም አደርጋለሁ፤ ይመጣል። ያማል አይደል? ያማል። እኔ ግን እንደ ወጣት ሴት ፊቴ ወዝ አወጣ። ጎረቤታችን አየለች፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት፣ ጉንጬን ይዤ ፈገግ ስል አግኝታኝ «እትዬ፣ ምነው፣ ሰው ያጨዎት ይመስላሉ?» አለችኝ። ትንሽ ብነግራት፣ ብረት ብረት ይለኛል ብቻ ብላት፣ ፊቷ ተለወጠ። «ሁለት ብረት አፍ ውስጥ ከተጣላማ ደም ይመርዛል። ልብም ያቆማል ይላሉ፣ ካንሰርም ያመጣል። ሁሉንም ያስነቅሉት።»

«ወርቄን?»

«ነፍስ ይበልጣል ወይስ ወርቅ?»

እሷን ሸኝቼ ልብሴን በፌስታል ቋጠርኩ። ሞያሌ ልሄድ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ምሕረት ቋጠሮውን አየችው። ለሥራ ለብሳ ቆማለች።

«ሻሸመኔ ነው?» አለችኝ።

«ወደ ታች ነው።»

«ዲላ? አሁን ከዲላ አይደል የመጣሽው?»

«ከዲላም ወደ ታች።»

ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። «እማ፣ ሞያሌ ማን አለሽ?»

ነገርኳት። ስለ ሾርባው፣ ስለ ባትሪዋ ጨዋታ፣ ስለ ንዝረቱ፣ ሁሉንም። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» ብላ በስልኳ መብራት አየችኝ። ብዙ ቆየች።

«ምላስሽ ጎን ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድነው?»

«ምን ነጭ ነገር?»

«እማ፣ ይሄ ዝም ተብሎ የሚኬድበት አይደለም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ከዚያ ሞያሌም ቢሆን እኔ ራሴ አሳፍርሻለሁ።» እጄን ያዘችኝ። «አባቴን መንገድ ወሰደብኝ። አንቺ ደግሞ ታመሽ መንገድ ላይ ልትቀሪብኝ ነው?»

በዚህ ተሸነፍኩ። ቋጠሮዬን ግን ይዤ ወጣሁ፤ ከክሊኒኩ በቀጥታ እሳፈራለሁ ብዬ።

በባጃጅ መሃል ከተማ ሄድን። የጥርስ ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ አነጋገሯ የጎንደር ሰው እንደሆነች ይናገራል። ወንበሩ ወደ ኋላ ተኛ፣ መብራቱ ዓይኔ ላይ መጣ።

«እማማ፣ መቼ መቼ ነው የሚነዝርዎት?»

«ስገጥም። ላዩ ታቹን ሲነካ።»

«ጣዕም አለው?»

«የባትሪ ጣዕም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የባትሪ ጣዕም ያለኝ በሽተኛ የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት። የባትሪን ጣዕም በምን አወቁት?»

«ባለቤቴ ባትሪ ሠሪ ነበር፤ ያቀምሰኝ ነበር።»

ምሕረት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ጥቂት ነገረቻት። ሐኪሟ ፈገግታዋ ከፊቷ ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚያ ከጓንት የተቆረጠ የሚመስል ስስ ላስቲክ አመጣች። «አንድ ነገር እንሞክር» አለች። «በወርቁና በሙሌቱ መሃል ይህን አስገባለሁ። ሲገባ ይንከሱ።»

ነከስኩ። ምንም የለም።

«ጠበቅ አድርገው።»

አጠበቅሁ። ዝም። ላስቲኩን አወጣችው። «አሁን ያለ እሱ።»

ነከስኩ፤ ነዘረኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እሷ ከሕመሙ መሰላት።

«ይቅርታ እማማ። አንድ ጊዜ ብቻ ልድገመው።» ላስቲኩን መለሰችው። ነከስኩ። ምንም የለም።

ልጆቼ፣ ያቺን ደቂቃ እንዴት ልንገራችሁ። ያች ስስ ላስቲክ በገባች ቁጥር ላቀው ይጠፋል፤ በወጣች ቁጥር ይመጣል። ከሞያሌ የሚጣራ ሰው በአንዲት ቁራጭ ላስቲክ ይከለከላል? ሐኪሟ ገና አንድ ቃል ሳትነግረኝ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ግን ሌላ ነገር እንድትለኝ ፊት ፊቷን አይ ነበር።

ወንበሩን አስነስታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ወርቁ አንድ ብረት ነው፣ ሙሌቱ ሌላ ብረት። ምራቅዎ ደግሞ በሁለቱ መሃል እንደ ባትሪ ውኃ ይሆናል። ሁለቱ ሲነካኩ ትንሽ ኤሌትሪክ ታልፋለች። እስዋ ናት የምትነዝርዎት። እንዲያውም ባለቤትዎ ቢኖሩ ከእኔ አብልጠው ያስረዱዎት ነበር።»

ቢኖሩ አለች። ክፉ አስባ አይደለም፤ እንደ ዋዛ ነው ያለችው። እኔ ቤት ግን ይህን ቃል የሚደፍር ሰው አልነበረም።

«ይመርዛል? ልብ ያቆማል?» ብላ ጠየቀች ምሕረት። አየለች እሷንም አስፈራርታት ኖሯል።

«ሰው ብዙ ይላል። ንዝረቱ እውነት ነው፣ ጣዕሙም እውነት ነው። ልብ ያቆማል፣ ካንሰር ያመጣል የሚለውን ግን የሚያሳምን ማስረጃ አላየሁም፤ አላስፈራራዎትም። አብዛኛው ሰው ላይ ሙሌቱ እየቆየ ሲሄድ ንዝረቱ በራሱ ይጠፋል።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔን ያሳሰበኝ ነጩ ነገር ነው። ብረቱ በሚነካው በኩል ነው ያለው፤ ብዙ ጊዜ ብረቱ ያልተስማማው ሰው እንዲህ ይሆናል። ሙሌቱን አውጥተን በነጭ ሙሌት እንተካውና እናየዋለን። ካልጠፋ ከምላስዎ ጥቂት ተወስዶ ይመረመራል። ያኔ ከባድ ነገር አለመሆኑን ማረጋገጥ አለብን።»

«ወርቁስ?» አልኩ።

«ወርቁ ይቀመጥ፤ እሱን የሚነካው የለም። ዛሬ እንሥራው?»

ምሕረት «አዎ» አለች። እኔ «አይሆንም» አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ። ወርቄን እንደማይነኩት ሰምቻለሁ፤ የፈራሁት ሌላ ነው። ሙሌቱ ሲወጣ ንዝረቱ አብሮ ይወጣል። ንዝረቱ ከወጣ ማን ይጠራኛል?

«ልጄ፣ እስከ ሰኞ ብትተይልኝ ትሞቺያለሽ ትይኛለሽ?»

«አይ፣ እስከ ሰኞ ምንም አይሆኑም» አለች ሐኪሟ። «ከሰኞ ግን አያሳልፉብኝ።»

ምሕረትን ወደ ሥራዋ ሸኘኋት። «እሳፈራለሁ ብለሽ እንዳትጠፊ» አለችኝ። «አልጠፋም፤ በእኔ ቤት የሚጠፋ ሰው ኮታው ሞልቷል» አልኳት። ቋጠሮዬን ይዤ በባጃጅ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ቡሹሎ ወረድኩ። እዚያ ከጤና ጣቢያው ወዲያ በእርሻው ዳር ወደ ሐይቁ የሚያወርድ መንገድ አለ። ውኃው ዳር ተቀመጥኩ። ሰው የለም፤ ሁለት አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ባለ ከረጢት አንገት ትልልቅ ወፎች ብቻ ውኃው ዳር ቆመዋል።

ጥርሴን ገጠምኩ። ነዘረኝ። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ። ነዘረኝ፤ ግን እንደ ጠዋቱ አይደለም። ቆም ብዬ አሰብኩ። በሾርባው ቀን እስከ ጆሮ ግንዴ ወጥቶ ነበር። በማግሥቱ መንጋጋዬ ላይ ቀረ። አሁን ጥርሴ ላይ ብቻ ነው። እየቀነሰ መምጣቱን ስንት ቀን አውቄ ለራሴ ሳልነግረው ኖሬያለሁ። ሐኪሟ በራሱ ይጠፋል ያለችው ይህንን ነው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሙሌቱን ባላስነካውም ንዝረቱ ይሄዳል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ከዚያ ያነሰ፣ ከዚያ አንድ ቀን እነክሳለሁ፤ ዝም ይላል። እኔም መጣ አልመጣ እያልኩ፣ ጥርሴን እያፋጨሁ፣ የምላሴን ነጭ ነገር እያሳደግሁ እጠብቃለሁ። የላቀውም የመጀመሪያ መጥፋት እንዲህ ነበር። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ ተስፋዬ በጠብታ አለቀ፤ ያለቀበትን ቀን እንኳ አላውቀውም። ሁለተኛ እንደዚያ ልጠብቅ? ልጄ ደግሞ እኔን እያየች ልትጠብቅ?

ውኃው ዳር ሆኜ አነጋገርኩት። ምን እንዳልኩት ለእናንተ አልነግርም፤ የባልና የሚስት ነው። ሲበቃኝ ቋጠሮዬን አንስቼ ተመለስኩ። ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፌስታሉን ተቀብላኝ ልብሴን አንድ በአንድ እያጠፈች ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ ወንበሩ ላይ ተኛሁ። ሐኪሟ መርፌውን ስታነሳ «አንዴ ቆይ» አልኳት። ጥርሴን ገጠምኩ። መጣ፤ ደከም ያለ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ ያለ። ያ ጣዕም እስኪጠፋ ድረስ ጠበቅሁ። ሐኪሟም ጠበቀችኝ፤ አላቻኮለችኝም፤ እግዜር ይስጣት። ከዚያ አፌን ከፈትኩ።

ማደንዘዣው ሲለቀኝ እቤት ነበርኩ። ምሕረት ያቺኑ የአሣ ሾርባ አቀረበችልኝ። አላምጬ ነከስኩ። ጥርስ ጥርስን ነካ፤ ሌላ ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ አለቀስኩ። በሽማግሌዎች ፊት ያላለቀስኩትን፣ ሞያሌ ደርሼ ስመለስ ያላለቀስኩትን ሁሉ ሾርባው ላይ አለቀስኩት። ምሕረት አቀፈችኝ። በለቅሶዬ መሃል «ልጄ፣ ወንድሞችሽን ጥሪያቸው» አልኳት። «ለምን?» አላለችም። ስልኳን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

በዚያው ሳምንት ድንኳን ተተከለ። ከዲላም ከሻሸመኔም መጡ። መቀበሪያ የሌለው ሰው ለቅሶ እንዴት ይደረጋል ብዬ እጨነቅ ነበር፤ ሰው ግን መንገዱን ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ ጸለዩ፣ መዘምራኑ ዘመሩ። አየለች ከማንም ቀድማ መጥታ ሳሕን ስታጥብ ዋለች። አንድ ያረጀ መካኒክ፣ ከላቀው ጋር የሠራ፣ በከዘራ ተደግፎ ገባና «እኔ እኮ ስንት ዘመን ለቅሶውን ስጠብቅ ነበር፤ የት ሄጄ ላልቅስለት?» አለኝ። እኔ ብቻዬን የምናፍቀው ይመስለኝ ነበር። በሩን ዘግቼ የያዝኩት በሌላው ሰው ላይ ጭምር እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ነጩ ነገር ከወራት በኋላ ቀስ እያለ ጠፋ። ሐኪሟ ለካ ከእኔ ይልቅ ፈርታ ነበር። ባየችው ጊዜ ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ «ተመስገን» አለች።

ልጆቼ፣ ወርቅ ጥርስ ያላችሁ ብር የምታስሞሉ ከሆነ ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከነዘራችሁ አትደንግጡ፣ ጎረቤት ያለውን ሁሉ አትመኑ፤ አፋችሁ ውስጥ የቆየ ነጭ ነገር ካያችሁ ግን አትደብቁ። ይህ ለአካላችሁ ነው። ለነፍሳችሁ ደግሞ ይህን ልበል፦ የሚናፍቅ ሰው ሁሉን ነገር የጥሪ ድምፅ ያደርገዋል። አትሳቁበት። ምሕረት ስላልሳቀችብኝ ነው የተመለስኩት።

ዛሬም እዞራለሁ፤ እግሬ አልተለወጠም። በአውቶብስ መስኮት ግን አሁን የማየው ተራራውን፣ እንሰቱን፣ በየመንገዱ የሚሄደውን ሕዝብ ነው። ፊት አልለቅምም። አንዳንዴ ብቻ፣ አውቶብሱ ከሐዋሳ ሲወጣና ሐይቁ ከኋላ ሲቀር፣ ጥርሴን በጥርሴ ላይ ቀስ አድርጌ አሳርፋለሁ። አፌ ጸጥ ይላል። «ደህና ዋል፣ ላቀው» እለዋለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ለእሱ ያልኩት መስሎት «ደህና ይዋሉ እማማ» ይለኛል።